መርከብን በ50 ማካፈል

ደሴ ላይ የጦር መርከብ እየሠራሁ ነው ስል ሰው መጀመሪያ ደህና መሆኔን ያጣራል። ቀጥሎ ይስቃል። «እንደ ኖኅ ጦሳ ተራራ ላይ ልታሳርፋት ነው?» ያለኝም አለ። አልፈርድበትም፤ ባሕሩ ከኛ ርቋል። ግን ያን ያህል ባዕድ አልነበርንም። ከኮምቦልቻ ተገንጥሎ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው አስፋልት መጨረሻው አሰብ ነበር። የሰፈራችን የከባድ መኪና ሾፌሮች ስለ ወደብ ሲያወሩ ስለ ጎረቤት ቀበሌ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ራሳቸው ባሕረኛ ነበሩ። ወጣትነታቸው ያለቀው ምጽዋ ነው። ያገለገሉባት መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር፤ ጎኗ ላይ ኤ-01 የሚል ቁጥር ነበራት። አሜሪካኖች ናቸው የሠሯት። በ1935 ዓ.ም. ውሃ ላይ ስትወርድ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ሥራዋም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ መስጠትና መንከባከብ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ለኛ ባሕር ኃይል ተሰጠችና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. ነገር ሲበላሽ ወደ የመን ሸሸች። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እሷን ነው የምሠራት። ሞዴሏ 1 ለ 50 ነው። «በቃ ሁሉን ነገር በ50 ማካፈል ነዋ!» ይለኛል ሰው። እኔም የጀመርኩ ቀን እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን የተማርኩት ዋናው ነገር በ50 የሚካፈለው ርዝመት ብቻ መሆኑን ነው። ክብደቱ በሌላ ቁጥር ይካፈላል። ፍጥነቱ በሌላ። ውሃው ጭራሽ አይካፈልም። ጣቴም አይካፈልም።

ከቀላሉ ልጀምር። እውነተኛዋ መርከብ ከአፍንጫ እስከ ጅራት 94.7 ሜትር ናት። ለ50 ሲካፈል 1 ሜትር ከ89 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከኔ ትረዝማለች ማለት ነው። ወርዷ 12.5 ሜትር ነበር፤ የኔዋ 25 ሴንቲ ሜትር ሆነች። ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው ክፍሏ 4.1 ሜትር ነበር፤ የኔዋ 8.2 ሴንቲ ሜትር። እስከዚህ ድረስ ሂሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው።

ክብደት ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። መርከቧ ጭነቷን ይዛ ወደ 2,600 ቶን ትመዝን ነበር። በ50 ብናካፍለው 52 ቶን ይሆናል። ሁለት ሜትር የማትሞላ ጀልባ 52 ቶን! ከየት ይመጣል?

አንድ ሳጥን አስቡ፤ ጎኑ ሁሉ 1 ሜትር የሆነ። ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ኩብ ስኳር ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ነው በሉት። ስኳሩ ከሳጥኑ በ50 ያንሳል። ታዲያ ሳጥኑን ለመሙላት ስንት ስኳር ይፈልጋል? በርዝመቱ 50 ይደረደራል፣ በወርዱም 50፣ ወደ ላይም 50። ሲባዛ 125,000። ስለዚህ ርዝመት በ50 ሲያንስ ይዘትና ክብደት በ125,000 ያንሳሉ። 2,600 ቶን ለ125,000 ሲካፈል 20.8 ኪሎ ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ ማለት ነው።

ለወሎ ሰው በሴባስቶፖል ማስረዳት ይሻላል። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት አስቀልጠው መቅደላ ድረስ ያስጎተቱት መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። እሱን በዚሁ ልክ ብሠራው 56 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል። ያ ሁሉ ሕዝብ ያላበው ነገር ኪስ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ይህች 20.8 ኪሎ የሥራው ሁሉ አለቃ ናት። መርከብ የሚንሳፈፈው የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ገፍቶ ቦታ ስለሚይዝ ነው። ሞዴሌ ከ20.8 ኪሎ ካነሰች ቡሽ መስላ ከፍ ትላለች፤ ከበለጠች ደግሞ ትጠልቃለች። ስለዚህ እንደ ደመወዝ በጀት ይዤ ነው የምሠራው። አካሏ ከነቀለሙ 7.5 ኪሎ። ሁለት ሞተር፣ ዘንግና መቅዘፊያ 2 ኪሎ። ባትሪ 2.5 ኪሎ። ከወለሉ በላይ ያለው ቤት፣ መድፍና ምሰሶ 2.3 ኪሎ። የቀረው 6.5 ኪሎ ከታች የሚቀመጥ ክብደት ነው። ለሱ ኮምቦልቻ ካለ ብረታ ብረት ቤት ቁርጥራጭ ለቃቅሜ አመጣሁ። እርሳስ ይሻላል፤ ትንሽ ቦታ ስለሚይዝ። ግን የድሮ ባትሪ እርሳስ ግቢ ውስጥ ማቅለጥ መርዝ መተንፈስ ነው። ይቅርብኝ።

አሁን ወደ አካሏ። የመርከብ ጎን ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፤ ሁሉም ጎበጥ ሰርጎድ ነው። ይህን ቅርጽ ወረቀት ላይ እንዴት ያሰፍሩታል? እንደ ድፎ ዳቦ ነው። ዳቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እየለካህ ቆራርጠው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፊቱ ላይ የራሱ ቅርጽ አለው፤ የጫፉ ትንሽ ነው፣ የመሀሉ ሰፊ። የቁራጮቹን ዙሪያ ብታነሳና በቅደም ተከተል ብታቆማቸው የዳቦው ቅርጽ ይመለሳል። የመርከብ ንድፍም እንዲሁ ነው። እኔ 20 ቦታ ከፈልኳት፤ በየ9.5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ጎድን ማለት ነው። ጎድኖቹን ከ6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ቆረጥኩ። አንድ ረጅም እንጨት እንደ አከርካሪ ከታች አጋድሜ በየቦታቸው አቆምኳቸው። ያኔ እናቴ አይታ «ይሄ የዓሣ አጽም ነው» አለች። ልክ ነበረች።

ንድፉ ከየት መጣ ለሚል፦ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የድሮ የባሕር ኃይል መርከቦችን ንድፍ ያስቀምጣል፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ብዙ ነው። «ኦርካ» ደግሞ ብቸኛ ልጅ አይደለችም፤ በአንድ ዓይነት ንድፍ የተሠሩ ብዙ እህቶች ነበሯት። የአንዷ የጎደለው ከሌላዋ ይሟላል። የኛን ልዩ የሚያደርገው ኋላ የተቀየረው ነገር ነው። ለሱ ደግሞ ፎቶና ጋሼ አሉ።

አጽሙን የሚያለብሱት ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ናቸው። ዋንዛ አሰነጠቅሁ፤ ቀላልና ለመሥራት የሚመች እንጨት ነው። ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3። አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ እንጨቱ መታጠፍ አለበት፤ በደረቁ ከታጠፈ ቀጭ ይላል። መላው እንፋሎት ነው። እንጨት ሲሞቅና ሲርስ የውስጡ ማጣበቂያ ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ይደርቃል። እኔ የተጠቀምኩት የእናቴን ጀበና ነው። አቦሉ ሲፈላ ዘንጉን አፉ ላይ ይዤ እቆያለሁ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ቀስ አድርጌ በአውራ ጣቴ እገፋለሁ፤ እንቢ ካለ እመልሰዋለሁ። ቶና ላይ ሁለተኛውን። በረካ ላይ ሦስተኛውን። በቀን ሦስት እንጨት ማለት ነው። በመጨረሻ እናቴ «ቡናዬን ኮላ ኮላ አሸተትከው» ብላ ከረከቦቱ አባረረችኝ። ማንቆርቆሪያ ገዛሁ።

ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ስስ ፋይበርግላስ፣ እንደገና የብርጭቆ ወረቀት። ስለዚህ ክፍል ብዙ የሚወራ የለም። ክንድ ያማል፣ ቤት ይነጣል፣ ሰው ይቆጣል።

የመርከቧ የብረት ልብስ 1 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል ብንል ለ50 ሲካፈል 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ወፈር ያለ ወረቀት በሉት። የኔ እንጨት 3 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ እውነተኛው መጠን ብንመልሰው 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያ የትልልቆቹ የጦር መርከቦች ጥሩር ነው። ግን ከውጭ አይታይም፤ ስለዚህ አላፍርበትም። ሞዴል ሥራ ውስጥ ማጭበርበር አለ። ጥያቄው የት ላይ ነው የሚለው ነው።

የሚታየው ላይ ማጭበርበር አይቻልም። የመርከቧን የወለል ዳር አጥር ውሰዱ፤ ባሕረኛ እንዳይወድቅ የሚይዘውን። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሆነ የኔው 2 ሴንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ ቋሚዎቹን በስቴኪኒ ሠራሁ። ቀጭን አይደል? 2 ሚሊ ሜትር ብቻ! ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይሄ የበረት አጥር ነው። በሬ ልታስርበት ነው?» አሉኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። 2 ሚሊ ሜትር በ50 ሲባዛ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። እውነትም የበረት አጥር! እውነተኛው 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የኔው 0.6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የተቃጠለ ሞተር እንደገና የሚጠቀልሉ ሰዎች ጋ ሄጄ አሮጌ የመዳብ ሽቦ ለመንኩ። ሽቦውን ለማቃናት አንዱን ጫፍ በጉጠት፣ ሌላውን በበር እጀታ አስሮ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ነው፤ ትንሽ ይለጠጥና እንደ መርፌ ቀጥ ይላል። ሁለት መቶ ስቴኪኒ ነቅዬ ሁለት መቶ ሽቦ ተከልኩ። አሁን ሰው ሲያያት «ትልቅ ናት» ይላል። ምንም አልጨመርኩባትም፤ አጥሯን ነው ያቀጠንኩት። ዓይን መጠንን የሚለካው በትንንሹ ነገር ነው።

መድፉም ላይ እንዲሁ። የፊተኛው ትልቅ መድፍ አፉ 127 ሚሊ ሜትር ነው። «38 ካሊበር» ሲባል የአፈሙዙ ርዝመት የአፉ ስፋት 38 እጥፍ ነው ማለት ነው፤ 4.8 ሜትር ገደማ። የኔው 10 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ቀዳዳው 2.5 ሚሊ ሜትር። የነሐስ ቱቦ አገኘሁለት። ቀለሙን ደግሞ ከእውነተኛው ግራጫ ትንሽ ነጣ አድርጌዋለሁ። ሩቅ ያለ ነገር በአየሩ የተነሳ ይደበዝዛል፤ ጦሳን ከፒያሳ ስታዩት ሰማያዊ የሚመስለው ለዚያ ነው። ትንሽ ሞዴልም ሩቅ ያለች መርከብ እንድትመስል ቀለሟ መደብዘዝ አለበት።

አሁን የከሰርኩበትን ልናገር። የላይኛውን ቤት፣ ካፒቴኑ የሚቆምበትን ማለቴ ነው፣ ከጠጣር ዋንዛ ጠረብኩት። ሲያምር! ምሰሶውን ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ። ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ላስቲክ አንጥፌ፣ 16 ጀሪካን ውሃ ሞላሁ። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የሰፈር ልጆች ተሰበሰቡ። አስቀመጥኳት። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አዘነበለች፣ ትንሽ ያሰበች መሰለችና ሆዷን ወደ ሰማይ አደረገች። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ምን ሆነ? በመርከብ ላይ ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ። ክብደቷ ወደ ታች ይጫናል፤ ሁሉም ክብደት አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ያህል ነው። ውሃው ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል፤ የሱም ግፊት ውሃ ውስጥ ካለው ክፍል መሀል ይነሳል። መርከቧ ስታዘነብል ያዘነበለው ጎን የበለጠ ይጠልቃል፤ ስለዚህ የውሃው ግፊት ወደዚያ ጎን ይሸሽና ያነሳታል። ክብደቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ይህ ግፊት ያቃናታል። ክብደቱ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ግን ስታዘነብል ክብደቱ ከውሃው ግፊት አልፎ ይሄዳል። ያኔ የሚያነሳት ኃይል ራሱ ይገለብጣታል።

በቅሎ የጫነ ሰው ይህን ያለ ትምህርት ያውቀዋል። ጭነት በግራና በቀኝ ዝቅ ተደርጎ ከታሰረ ቁልቁለት ይወርዳል። አናቷ ላይ ከተከመረ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ በቅሎዋም ጭነቱም ገደል ነው። የስዊድን ንጉሥ መርከብ «ቫሳ» የገጠማት ይኸው ነው። በ1628 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሳ፣ ከ1,500 ሜትር ያነሰ ሄዳ ነፋስ ገፋት አላትና ሰጠመች። 64 መድፍ ነበራት፤ ሁለት ረድፍ አድርጋ። ስለዚህ የኔን ውድቀት ከንጉሥ ጋር ነው የምቆጥረው።

ጠጣሩን ቤት አውልቄ ከዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ሠራሁት። ውስጡ ባዶ። ምሰሶውን ከቀርከሃ። ባትሪውንና ብረቱን ከወለሉ ሥር አጋደምኩ። ከላይ ብቻ ከሁለት ኪሎ በላይ ቀነስኩ። አሁን በጣቴ ገፍቼ ስለቃት ትወዛወዝና ቀጥ ትላለች።

ስለ ውሃ መግባትም አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ ውሃ ውስጧ ቢገባ የሚጎዳው ክብደቱ ብቻ አይደለም። ሳፋ ላይ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ትንሽ ስታዘነብሉት ውሃው ሁሉ ወደዚያው ይሮጥና ከእጃችሁ ሊያስጥላችሁ ይታገላል። ያንኑ ውሃ በአራት ጣሳ ብትይዙት የትም አይሄድም። መርከብ ሆዷ በግድግዳ የሚከፋፈለው አንድም ለዚህ ነው። የኔዋም አምስት ክፍል አላት።

ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እውነተኛዋ 18 ኖት ትሄድ ነበር፤ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር። ሞዴሏ በስንት ትሂድ? በ33 ብትሄድ ከውሃው ወጥታ ትበራለች። በ50 ተካፍሎ 0.66 ቢሆን ኤሊ ይቀድማታል፤ ውሃውም ከፊቷ አይነሳም። መልሱን ያገኘው ዊልያም ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. ቶርኪ ከተማ ረጅም ገንዳ አሠርቶ ሞዴሎችን እየጎተተ ይለካ ነበር። ያየው ነገር መርከብ የምታነሳው ማዕበል ከርዝመቷና ከፍጥነቷ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው። ትንሿና ትልቋ አንድ ዓይነት ማዕበል እንዲያነሱ ፍጥነቱ በ50 ሳይሆን በ50 ካሬ ሥር ነው የሚካፈለው። የ50 ካሬ ሥር 7 ገደማ ነው። 33 ለ7 ሲካፈል 4.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ማታ ማታ ፒያሳ ላይ ወክ የሚል ሰው አረማመድ ነው። በዚህ ፍጥነት አፍንጫዋ ላይ የሚነሳው ነጭ ጢም ልክ እንደ ፎቶው ይሆናል።

ውዝዋዜዋም በ7 ነው የሚፈጥነው። ትልቋ አንዴ ወዲህ ወዲያ ለማለት 10 ሰከንድ ቢፈጅባት የኔዋ 1.4 ሰከንድ ነው። ትንሽ ማዕበል ሲነካት እንደ እስክስታ ትንቀጠቀጣለች። ይህንን ማስተካከል አይቻልም። ፊልም ሠሪዎች ሞዴል መርከብ ሲያነሱ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ዝግ አድርገው የሚያሳዩት ለዚህ ነው። የውሃ ጠብታም አያንስም፤ ጎኗ ላይ የምትፈናጠቅ አንዲት ጠብታ በሷ ልክ እንስራ ታክላለች።

ባለፈው ጥር ሐይቅ ወሰድናት። ዶልፊን ላይ ከኋላ ወንበሮቹ አናት በጋቢ ጠቅልለን አጋደምናት። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። አንዲት እናት «ነፍስ ይማር፤ ልጅ ነው?» አሉን። ረዳቱ ግን አልተደናገጠም፤ «በሦስት ሰው ነው የምትከፍለው» አለኝ። ከፈልኩ።

ውሃው ጸጥ ያለ ነበር፤ ከማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። አስቀመጥኳት። ቀይዋ የውሃ መስመር ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጠለቀች። ደነገጥኩ፤ ውሃ የገባባት መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ። መስመሩን ያሰመርኩት ለቀይ ባሕር ነው። ጨዋማ ውሃ ከጣፋጭ ውሃ ሦስት በመቶ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ የበለጠ ያንሳፍፋል። እዚህ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ትንሽ ጠለቅ ማለት አለባት። አንዲት ጠጠር እንኳ አላወጣሁም፤ ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁና «ጨው ያነሰው ወጥ!» አሉ።

ሞተሯን አስነስቼ ዳር ዳሩን አስኬድኳት። ጋሼ ቆመው ያያሉ፤ ምንም አይሉም። ቅር ያላቸው መሰለኝ።

«ምነው ጋሼ፣ አልመሰለችዎትም?»

«መስላለች። ግን እኔ ከላይ ነው የማያት። እንዲህ አይቻት አላውቅም።»

አሰብኩት። ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይኑ ከውሃው 1.6 ሜትር ከፍ ይላል። በ50 ሲባዛ 80 ሜትር ነው፤ ያ የሄሊኮፕተር ዓይን ነው። ውሃው ዳር በቆመ መርከበኛ ዓይን ለማየት ዓይን ከውሃው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ማለት አለበት። ይህን ስነግራቸው አልመለሱልኝም። ጋቢያቸውን አጠፉ፣ እርጥብ ሣሩ ላይ አነጠፉ፣ በደረታቸው ተኙ። ጉንጫቸውን ውሃው ዳር አስደገፉ። እኔ ዞር አድርጌ ከፊታቸው በጎን አሳለፍኳት፤ በሰው አረማመድ ፍጥነት፣ ነጭ ጢሟን ይዛ።

«አንዴ ድገማት» አሉኝ።

ባትሪው እስኪያልቅ ደገምኳት።